ባዶ አዳራሽ ላይ ማጫወት

የመጀመሪያ የዲጄነት ሥራዬን የሠራሁት ለአሥራ አንድ ሰው ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱ መጠጥ ቀጂዎች፣ አንዷ ኮት ተቀባይ፣ አንዱ ደግሞ የድምፅ ባለሙያው ነበሩ። በርሊን ውስጥ የቴክኖ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ) ክለብ በሩን የሚከፍተው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰው የሚሞላው ግን ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ለእኔ የተሰጠኝ ያ ባዶው ሁለት ሰዓት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ስለማመድ የከረምኩትን በአንድ ሌሊት ላሳይ ብዬ፣ ካሉኝ ሸክላዎች የከበደውንና የፈጠነውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሬ ለቀቅኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ 142 ምት ደርሶ ነበር። የገቡት ጥቂት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የሚደንስ የለም።

ተረኛው ዲጄ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጸጉሩ የሸበተ ጀርመናዊ ነበር። ሸክላዎቹን ከሣጥኑ እያወጣ ዞር ብሎ አየኝና «አሁን እኔ ከየት ልጀምር?» አለኝ። አልተቆጣም፤ የምሩን ነበር የጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የእኔን ሸክላ ቀስ አድርጎ አወረደው፤ አዳራሹን ለጥቂት ሰከንድ ዝም አሰኘው፤ ከዚያ 122 ላይ አንድ ኪክ (ከሥር የሚመታው ከበሮ) እና አንድ ቤዝ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) ብቻ ያለበትን ሸክላ አስገባ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግድግዳውን የተደገፉት ሰዎች መሐል ላይ ነበሩ።

ይህ የሆነው በ2010 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ ወዲህ የቴክኖ ዲጄና የሙዚቃ አቀናባሪ ሆኛለሁ። ከጀርመንም፣ ከስዊድንም፣ ከአዲስ አበባም «ምን ልግዛ? ከየት ልጀምር?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በየጊዜው በሁለት መስመር የምመልሰውን እዚህ በሰፊው ልጻፈው፤ የከፈልኩበትን ስህተት ሁሉ ጨምሬ።

ጉለሌ ነው ያደግኩት። በ2006 በተማሪ ቪዛ በርሊን ገባሁ፤ ቀን ትምህርት፣ ማታ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን አጣቢ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በ2007 መጸው ላይ አንድ ሌሊት ከሥራ ስንወጣ ትሬዞር ይዞኝ ሄደ። ትሬዞር በ1991 ላይፕዚገር ጎዳና ላይ፣ ከጦርነቱ በፊት ትልቅ መደብር በነበረ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በካዝናዎቹ መሐል የተከፈተ ክለብ ነው፤ ስሙም ካዝና ማለት ነው። በ2005 ከዚያ ተነሥቶ በ2007 ኮፐኒከር ጎዳና ላይ ባለ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ እንደገና ተከፈተ። ወደ ምድር ቤቱ የሚያስገባው ጠባብና ረጅም መተላለፊያ ነው፤ ጭሱ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም። በዚያ መተላለፊያ ስንሄድ ድምፁ መጀመሪያ የደረሰኝ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው። ያኔ ትዝ ያለኝ ቡሄ ነበር። ሠፈር ውስጥ ሆያ ሆዬ ስንል ዘፈኑን አጽንቶ የሚይዘው ዱላው ነው፤ አውራጁ ቢሳሳት፣ ተቀባዩ ቢስቅ፣ መሬቱን እኩል የሚመታው ዱላ ከቆመ ሁሉም ይፈርሳል። ቴክኖ ውስጥ ኪክ የሚባለው የታችኛው ምት ሥራው ይኸው ነው። ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ከወገኖቼ ብዙዎቹ «ይህን የፈረንጅ ጩኸት ምን አድርጌ ልስማው?» ይሉኛል። ለዚህ መልስ መያዝ ያስፈልጋችኋል፤ በሥራ ላይም ይጠቅማችኋል። ቴክኖን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቨን ሳንደርሰን ዲትሮይት አጠገብ ባለችው ቤልቪል አብረው የተማሩ ልጆች ነበሩ። ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባል የሬዲዮ አቅራቢ ማታ ማታ የጀርመኖቹን የክራፍትቨርክ ባንድ ሥራ ከፓርላመንት ባንድና ከዘፋኙ ፕሪንስ ጋር እየቀላቀለ ያሰማቸው ነበር። አትኪንስ በ1985 ሜትሮፕሌክስ የተባለ የራሱን የሙዚቃ ማሳተሚያ አቋቋመ። በ1988 የዲትሮይቶቹን ሥራ የሰበሰበ አልበም እንግሊዝ ውስጥ ሲወጣ «ቴክኖ» የሚለው ስም አውሮፓ ላይ ጸና። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ምሥራቅ በርሊን ውስጥ ባለቤት ያጣ ሕንፃ ሞልቶ ስለነበር ወጣቱ ገባበት፤ የዲትሮይት ሰዎችም መጥተው ተጫወቱ። በ2024 ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብታዋለች። እኔን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዘጋጆች የሚጠሩኝ ለ«አፍሪካ ምሽት» ብቻ ነበር። ይህን ታሪክ ጠንቅቄ ካወቅኩ በኋላ ግን «በዋናው ምሽት ላይ ቦታ ስጡኝ፤ ሙዚቃው ከእኔ ሩቅ አይደለም» ብዬ ቀጥ ብዬ መጠየቅ ቻልኩ።

አሁን ወደ ሙያው። በ2008 ሁለት ያገለገሉ ቴክኒክስ 1200 የሸክላ ማጫወቻዎችና የሁለቱን ድምፅ የሚቀላቅል አንድ ርካሽ ሚክሰር በሰሃን አጣቢነት ገንዘቤ ገዛሁ። ሸክላ የምገዛው ከሃርድ ዋክስ ነበር፤ በ1989 የተከፈተ መደብር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቆሜ ሦስት ሰዓት አዳምጬ አንድ ሸክላ ገዝቼ እወጣለሁ፤ የገዛሁት አንድ ሲሆን የተማርኩት ግን ከሰማሁት ሠላሳው ነው። ዛሬ ለእናንተ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። በአብዛኞቹ ክለቦች ያለው በፍላሽ የሚሠራው የፓዮኒየር ሲዲጄ ማጫወቻ ነው፤ በትንሽ ያገለገለ ኮንትሮለር (ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ መቆጣጠሪያ) እና በላፕቶፕ መጀመር ይቻላል። የማይለወጠው ጆሮ ነው።

ሁለት ትራክ፣ ማለትም ሁለት ሙዚቃ፣ ማገናኘት ማለት ምን እንደሆነ ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች፤ ስሌቱ ትንሽ ከተዛባ ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። በእኛ ሥራ ደግሞ ሁለቱ ምቶች እኩል መውረድ አለባቸው። አንዱ ትራክ 130፣ ሌላው 131 ከሆነ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ምት ይራራቃሉ፤ ግማሽ ደቂቃው ላይ አንዱ ሲጥል ሌላው ያነሣል ማለት ነው። አንድ ጆሮ ላይ ማዳመጫውን አድርጋችሁ፣ ሌላውን ለአዳራሹ ትታችሁ፣ የትኛው እንደቀደመ ለይታችሁ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በትንሽ በትንሹ ማንቀሳቀስ ነው። ለእኔ አራት ወር ፈጀብኝ። በአራተኛው ወር አንድ ማታ ሁለቱ ተገጣጥመው ሦስት ደቂቃ ሳይለያዩ ሲቆዩ፣ እጄን ከማሽኑ ላይ አንሥቼ አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ።

አዲሶቹ ማሽኖች ሲንክ የሚባል ቁልፍ አላቸው፤ ራሳቸው ያገናኙላችኋል። መጠቀም ነውር ነው አልልም። ነገር ግን ማሽኑ ምቱን በተሳሳተ መንገድ ያነበበበት ትራክ ሁልጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጆሮው ያልሠለጠነ ሰው ሁለቱ ሲጋጩ እያየ ከመቆም በቀር የሚያደርገው የለም። ከጆሮ ቀጥሎ ሁለተኛው መቁጠር ነው። ቴክኖ በአራት ምት፣ አራቱ ምት አንድ ቤት እየተባለ ደግሞ በስምንትና በአሥራ ስድስት ቤት የሚሄድ ሙዚቃ ነው። በ130 ፍጥነት አሥራ ስድስት ቤት፣ ማለትም ስድሳ አራት ምት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ለውጥ የሚመጣው እዚያ ድንበር ላይ ነው፤ ቀጣዩን ትራክ ድንበሩ ላይ ካላስገባችሁት ምቱ ልክ ሆኖም ጆሮ ይረበሻል። ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ አትልቀቁ፤ የአንዱን ስትዘጉ የሌላውን ክፈቱ። የሚክሰሩ ቀይ መብራት ሲበራ «ጮኸ፣ ጥሩ ነው» ማለት አይደለም፤ ድምፁ እየተቀደደ ነው። ፍላሻችሁን ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት አድርጉ፣ ሁለቱንም ቤት ሳላችሁ አዘጋጁ። አንዱ ላይፕዚግ ውስጥ በሙሉ አዳራሽ ፊት ሞቶብኛል።

ግን ያ ሽማግሌ ዲጄ የጠየቀኝን ጥያቄ ከዚህ አንዱም አይመልሰውም። የመለሱልኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ በዓል በመጣ ቁጥር ከእሳቸው ጋር ማሕሌት አድራለሁ። መጀመሪያ በቁም ዜማ ነው፤ ከበሮ የለም፣ መቋሚያ አይንቀሳቀስም። ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው መወዛወዝ ይጀምራል። ከዚያ ከበሮው በዝግታ፣ በመረግድ ይገባል። በመጨረሻ በጽፋት ይፈጥናል፤ ጭብጨባው፣ እልልታው ይጨመራል። ያው ቃል ነው፣ ያው ዜማ ነው፤ ግን ከቁም ዜማው ሳይጀምር ጽፋት ላይ ቢደርስ ማንም ልቡ አይነሣም። ቅዱሱን ነገር ከጭፈራ ቤት ጋር እኩል ላደርግ ፈልጌ አይደለም፤ አጎቴም ይህን ሲያነቡ ደስ እንደማይላቸው አውቃለሁ። ሆኖም ሰውን ከዝምታ ተነሥቶ ወደ ጽፋት እንዴት እንደሚያደርሱት ያየሁት ከእሳቸው ነው፤ ሌላ ቦታ ተማርኩት ብል ውሸት ይሆናል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አራት ዓመት ያህል ባዶውን አዳራሽ ራሴ እየጠየቅኩ ወሰድኩ። ሁሉም የሚሻማው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ነው፤ መክፈቻውን የሚፈልገው የለም። እኔ ከ118 ጀምሬ ከ125 ሳላልፍ አስረክባለሁ። ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ፤ መጠጥ ቀጂዋ የታዘዘችውን ካልሰማች ገና ብዙ ነው ማለት ነው። ሹል ድምፆችን እቆጥባለሁ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ጆሮ ከመነሻው መድከም የለበትም። ከእኔ ቀጥሎ የሚጫወተው ሰው የታወቀበትን ትራክ በፍጹም አልነካም። ርክክቡ ላይ ረጅም መጨረሻ ያለው ትራክ አስገብቼ፣ ጊዜ እንዲኖረው አድርጌ እወርዳለሁ። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ ዲጄዎች ራሳቸው «ከእኔ በፊት እሱ ይክፈት» እያሉ ለአዘጋጆች ይነግሩልኝ ጀመር። ሃምቡርግ፣ አምስተርዳም፣ ቪየና የሄድኩት በዚህ መንገድ ነው። ስሜን በትልቁ የጻፈ ማስታወቂያ ኖሮኝ አያውቅም ነበር፤ የቀን መቁጠሪያዬ ግን ሞልቶ ነበር።

ማቀናበር የጀመርኩት በ2011 ነው፣ ኤብልተን ላይቭ በሚባለው ሶፍትዌር። በ2001 የወጣ የዚሁ የበርሊን ሰዎች ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ አርባ ያህል ትራኮቼ አንዱም አልወጣም፤ መውጣትም አልነበረባቸውም። ችግሬ አንድ ዓይነት ነበር፤ በአንድ ላይ የሚነሡ ነገሮች ይበዙብኛል። ኪኩ 55 ኸርዝ (በሰከንድ 55 ንዝረት) ላይ ቢሆን ላ የሚባለው ኖታ ነው፤ ቤዙ ከእሱ ጋር የማይስማማ ኖታ ላይ ከተቀመጠ ሁለቱም ይደክማሉ፤ እኔ ደግሞ የደከመውን ለማበርታት ሌላ ድምፅ እጨምር ነበር። መፍትሔው መቀነስ ነው። ኪኩና ቤዙ ብቻ ተሰምተው አንገት የማያስነቀንቁ ከሆነ በላያቸው ምንም ብትደርቡ አያድናቸውም።

በ2013 አገር ቤት ስሄድ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ይዤ ነበር። አንድ ጠዋት እማዬ ጓዳ ውስጥ ቡና ስትወቅጥ ወለሉ ላይ አስቀምጬ አራት ደቂቃ ቀዳሁ። ሙቀጫው አሮጌ የእንጨት ነው፣ በአንድ ጎኑ ስንጥቅ አለበት፤ ዘነዘናው ብረት ነው። እማዬ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጋ ትወቅጥና በሦስተኛው የሙቀጫውን ከንፈር ነካ ታደርገዋለች፣ የተጣበቀው ዱቄት እንዲራገፍ። ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል። በርሊን ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ሳስገባው አልገጥም አለኝ። ሶፍትዌሩ አንዱን ምት ለአራት ይከፍላል፤ እማዬ ደግሞ በሦስት ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ጎትቼ በአራት አስተካከልኩት፤ ነፍሱ ወጣች። ችክችካችንን በቀጥታ አራት ላይ ለመጠፍጠፍ የሚሞክር ሁሉ ይህ ይገጥመዋል። በኋላ ኪኩን በአራት ትቼ ሙቀጫውን በሦስት ለቀቅኩት። ሦስቱና አራቱ በየአሥራ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በመሐል ይለያያሉ፣ ደግሞ ይገናኛሉ። እዚያ ላይ ሕይወት ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ ማዳመጫውን እማዬ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ሰማችና፣

«ይኼማ የኔ ሙቀጫ ነው» አለች። ስንጥቁን በድምፁ ነው ያወቀችው። ቀጥላ ግን «ቡናው ገና ነው ልጄ፤ አልላመም» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ እማዬ?»

«አይሰማህም? ፍሬው ገና ሲሰበር ይንኮሻኮሻል፤ ሲልም ዝም ይላል።»

እውነቷን ነበር። ከአራቱ ደቂቃ የተጠቀምኩት የመጀመሪያዋን ሃያ ሰከንድ ብቻ ነበር፣ ጥርት ብላ ስለምትሰማ። የቀረውን አድምጬው እንኳ አላውቅም። ተመልሼ ትራኩን ከሥሩ ሠራሁት። ሲጀምር ቡናው ጥሬ ይንኮሻኮሻል፤ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ልሞ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥልቅ ይሆናል። ሌላ የጨመርኩት ነገር ጥቂት ነው። ያ ትራክ ነው ስሜን ያወጣው።

ያንን ትራክ ነው ያጣሁትም።

በ2015 አንድ ትንሽ ማሳተሚያ ወሰደው። አራት ገጽ ውል በእንግሊዝኛ ላኩልኝ፤ ባቡር ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፈረምኩ። ደስታው ነው ያስቸኮለኝ። ውሉ ውስጥ «ለቅጂ መብቱ ዘመን በሙሉ» የሚል አንድ ሐረግ ነበር። በአውሮፓ ለተቀዳ ድምፅ ይህ ዘመን ማለት ትራኩ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሰባ ዓመት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። ትርፉን እኩል እንካፈላለን ይላል፤ ትርፍ የሚባለው ግን የማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ)፣ የሸክላ ማተሚያውና የማስታወቂያው ወጪ ሁሉ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ለወጪው ጣሪያ አልተጻፈለትም። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ መጣ። ሁለተኛው ዓመት አልመጣም። ከዚያ ማሳተሚያው ተዘጋ፣ ንብረቱ ለሌላ ተላለፈ። አንድ ቀን ልብስ መሸጫ ውስጥ የእናቴን ሙቀጫ ሰማሁ። ከማን ተፈቅዶ እንደሚጫወት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ዛሬ ያን ቅጂ በራሴ ስም ላሳትም ብል ፈቃድ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ትራካችሁን አትስጡ፤ አከራዩ። ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ይበቃል። ወጪው ከዚህ አይበልጥም ተብሎ ይጻፍ። በየስድስት ወሩ የሒሳብ መግለጫ ይምጣ፤ ካልመጣ ወይም ድርጅቱ ከተዘጋ መብቱ ወደ እናንተ ይመለስ የሚል አንቀጽ ይግባ። ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ማሳተሚያ ካለ አስቀድሞ ማንነቱን ነገራችሁ ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር አብራችሁ ከሠራችሁ ደግሞ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ሥራው ባለቀበት ቀን በወረቀት አስፍሩት፤ ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ወዳጅነት ያፈርሳል።

የሌላ ሰው ድምፅ ስትጠቀሙም ያው ነው። የድሮ ካሴቶቻችን ላይ ያለው ሀብት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ባለቤቶቹ ግን አሉ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጡትን ካሴት አንድ የአሜሪካ ማሳተሚያ እሳቸውን ፈልጎ አግኝቶ በፈቃዳቸው በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ የነበሩት ሰው ወደ መድረክ ተመለሱ። ደውሎ መጠየቅ ይህን ያህል ያመጣል።

እኔን ያተረፈኝ ቅጂውና ድርሰቱ ሁለት የተለያዩ መብቶች መሆናቸው ነው። ቅጂውን ፈርሜ ሰጠሁ፤ ድርሰቱን ግን ቀደም ብዬ ጌማ በሚባለው የጀርመን የደራስያን መብት አስከባሪ ዘንድ አስመዝግቤው ነበር፤ ስለዚህ ትራኩ በተጫወተ ቁጥር የደራሲው ድርሻ ይመጣልኛል። ለተጫዋችነቱ ድርሻ ደግሞ ጌፋውኤል የሚባል ሌላ ድርጅት አለ፤ ሁለቱም ዘንድ ተመዝገቡ። በ2020 መጋቢት ላይ ክለቦች ሁሉ ሲዘጉ የያዝኳቸው ሥራዎች በአንድ ሳምንት ተሰረዙ፤ ያን ጊዜ የቤት ኪራይ የከፈልኩት ከዚህ በመጣ ገንዘብና በኢንተርኔት ባስተማርኩት ነው። አገር ቤት ያላችሁም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አለላችሁ፤ ፈልጋችሁ አንብቡት፣ በአማርኛ ነው የተጻፈው።

ጀርመን ውስጥ በተማሪ ቪዛ ላላችሁ፦ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን አውጥታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የግል ሥራ አይፈቀድም የሚል ተጽፎበታል። ዲጄነት ደግሞ የግል ሥራ ነው። እኔ ያንን የመጀመሪያ ምሽት ክፍያ ሳልቀበል ነው የሠራሁት፤ ከዚያ የውጭ ዜጎች ቢሮ ማመልከቻ አስገብቼ ፈቃዱ ካርዱ ላይ ከተጻፈልኝ በኋላ ነው ደረሰኝ መቁረጥ የጀመርኩት። ለመቶ ዩሮ ብላችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ። ሥራው ሲጠና ክንስትለርሶዚያልካሴ ለሚባለው የአርቲስቶች ማኅበራዊ መድን አመልክቱ። የጤናና የጡረታ መዋጮአችሁን ግማሽ እሱ ይከፍላል፣ ልክ አሠሪ እንደሚከፍለው፤ ከጥበብ ሥራችሁ በዓመት ከ3,900 ዩሮ በላይ ማግኘት ይጠበቅባችኋል፣ ለጀማሪ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ይህ አይጠየቅም። ይህን ሳላውቅ አራት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ከፍያለሁ።

ሌላው ፓስፖርት ነው። በ2014 ለንደን ተጠርቼ ቪዛው በጊዜ ስላልደረሰ ቀረሁ፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ከኪሴ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሸንገን ውጭ ላለ ሥራ የሦስት ወር ጊዜና ግማሽ ቀብድ ካልተሰጠኝ እሺ አልልም። ከሰሃን አጣቢነት ያወጣሁት ራሴን በ2016 ነው፤ በዲጄነት የመጀመሪያ ሥራዬን ከሠራሁ ስድስት ዓመት በኋላ። ቶሎ ልቀቁ የሚሏችሁን አትስሙ። ኪራዩ ከተከፈለ የማትወዱትን ሥራ እምቢ ማለት ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ «እዚህ ክለብ የለም፣ መሣሪያ የለም» ስትሉኝ እሰማለሁ። ችግሩ ይገባኛል። ነገር ግን የሙዚቃ አቀናባሪዎቹ እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ ክራሩንና ማሲንቆውን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር አዋሕደው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን ሙዚቃ ውጭ አገር ያሰሙት አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው። ላፕቶፕና ደህና ማዳመጫ ካላችሁ የማቀናበሩ በር ክፍት ነው። መብራት ስለሚጠፋ ሥራችሁን በየአምስት ደቂቃው አስቀምጡ፤ ቅጂውን ሌላ ፍላሽ ላይ ያዙ። የበርሊንን ድምፅ ለመምሰል አትልፉ፤ እዚህ በርሊን እሱን የሚሠራ ሺህ ሰው አለ።

በመጨረሻ ያስቀረሁት ጆሮ ነው፤ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝም እሱን ነበር።

85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅ ሥር በቀን ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል ይላሉ የሙያ ጤና ባለሙያዎች። ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት፣ በ94 አንድ፣ በ97 ግማሽ ሰዓት፣ በ100 አሥራ አምስት ደቂቃ። ጀርመን ውስጥ ለታዳሚው የተቀመጠው ጣሪያ በግማሽ ሰዓት አማካይ 99 ዴሲቤል ነው። ዲጄው የሚቆምበት ቦታ ላይ ደግሞ ለራሱ የሚሰማበት ሌላ ስፒከር አለ፣ ጆሮው አጠገብ። እኔ ስምንት ዓመት ያህል ያለ ምንም መከላከያ ቆሜያለሁ። በየሳምንቱ እሑድ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ሰኞ ይተወኛል። በ2018 አንድ ክለብ ውስጥ ያ ስፒከር ተበላሽቶ በሙሉ ኃይሉ ይጮህ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሳልወርድ ጨረስኩ። ሰኞ አልተወኝም። ማክሰኞም። እስከ ዛሬ በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት አለ፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይበረታል። ሐኪሟ የመስማት ምርመራውን ስዕል አሳየችኝ፤ መስመሩ 4,000 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ጉድጓድ እንደገባ ቁልቁል ይወርዳል። «ይህ አይመለስም» አለችኝ።

በጆሮ ቅርጽ የሚሠራ፣ ማጣሪያ ያለው መከላከያ አለ። ሙዚቃውን አያፍንም፣ ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርገዋል። ከማሽን በፊት፣ ከማዳመጫ በፊት፣ ከላፕቶፕ በፊት እሱን ግዙ። የራሳችሁን ስፒከር ትራክ ስታገናኙ ብቻ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ወዲያው ዝቅ። ስትለማመዱ በየሰዓቱ ዕረፍት አድርጉ።

እኔ አሁንም እጫወታለሁ፣ አሁንም አቀናብራለሁ። ሹል የሆኑትን ድምፆች፣ የጸናጽሉንና የሲምባሉን ልክ ግን ብቻዬን መፍረድ አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ስከፍት የዘጠኝ ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀምጣታለሁ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ በስፒከር፣ በማዳመጫ አይደለም። ዓይኗን እንደ አያቷ ትጨፍናለች።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ይወጋል» ትለኛለች።

ማዞሪያውን በትንሹ ወደ ግራ አዞረዋለሁ።

«አሁንም።»

ትንሽ እጨምራለሁ።

«እ... አሁን ልክ ነው።»